አውታሩ የሚተኛበት ቦታ

ከአድዋ በዓል ዝግጅታችን ወዲህ አንድ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ቃሉን የተናገሩት አጎቴ ናቸው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥተን፣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ብርዱ ጉልበት መያዝ በሚጀምርበት ሰዓት ወደ መናኸሪያው ስንራመድ፣ ክራራቸውን በጋቢያቸው ሥር እንደያዙ ቆም አሉና «ለልጆቹ ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ያ ያንቺ ዕቃ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። «ያንቺ ዕቃ» ያሉት ኪቦርዱን ነው። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም በዚያ ሰዓት የምመልሰው አልነበረኝም።

የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ከዚያ ጎን ለጎን የተማሪዎቹን የሙዚቃ ክበብ እመራለሁ። ለየካቲት 23 በትዝታ ቅኝት አንድ አጭር ዜማ አዘጋጅተን፣ እኔ ከሥር በኪቦርድ ድምፆችን ደራርቤ ስይዝ ክራር ከላይ እንዲሄድ አስበን ነበር። ክራር በደንብ የሚመታ ተማሪ ስላልነበረን የእናቴን ታላቅ ወንድም ከመንዝ እንዲመጡልን ለመንኳቸው፤ በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የሚገባው ዘግይቶ ስለነበር እሺ አሉ። በልምምዱ ቀን ክራሩን በጆሯቸው ቃኝተው ሲጨርሱ፣ እኔ ስልኬ ላይ ያለውን መቃኛ ከፍቼ አውታሮቹን አንድ በአንድ መረመርኩ። ሌሎቹ ከኪቦርዱ የሚለዩት በጥቂት ሴንት፣ በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት በምንለካባት ትንሽ መለኪያ፣ ብቻ ነበር። ከዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሦስተኛዋ ሚ ግን 14 ሴንት ዝቅ ብላ ቆማለች።

በሃያ ምናምን ተማሪዎች ፊት «ጋሼ፣ ሚ ዝቅ ብላለች፤ ትንሽ ከፍ ያድርጓት» አልኳቸው። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን አዩና፣ መቃኛዋን ጠምዘዝ እያደረጉ የስልኩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ከፍ አደረጓት። ዝግጅቱ ተወደደ፤ ወላጆች አጨበጨቡ፤ እኔም ሁሉም ነገር ልክ ለልክ በመግጠሙ ኮርቼ ነበር።

«ይንቀጠቀጣል» የሚለው ቃል ዕረፍት የነሳኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሙያዬ ነው። ተቀራራቢ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚርገበገብ፣ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛትም የሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች ልዩነት እንደሆነ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ቀመሩን የማስተምረው እኔ ሆኜ ሳለ፣ ነገሩን በጆሯቸው የሰሙት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳፍረኛል። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሯቸውን ባሠለጠኑበት ነገር፣ ልጆች በተሰበሰቡበት፣ በስልክ አረምኳቸው።

14 ሴንቱ የማን ስሕተት ነው?

ሴንት የሚባለውን መለኪያ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በብርና በሳንቲም ነው። ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት አንድ ብር ቢሆን፣ ሴንት አንዷ ሳንቲም ናት፤ ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ድረስ 12 ብር፣ ማለትም 1200 ሴንት ይሆናል። 12ቱ ርቀቶች እኩል ናቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ የቀዳሚውን ፍሪኩዌንሲ በ1.0595 ገደማ ያባዛዋል፤ ይህ 12 ጊዜ ሲደጋገም የመጀመሪያው ድምፅ እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ቻይናዊው ልዑል ዡ ዛይዩ እ.ኤ.አ. በ1584 በጥንቃቄ ሠርቶት ነበር። እኩል ክፍፍል ለየትኛውም ቁልፍ አያደላም፤ ዘፋኙ ድምፁ ሲቀጥን ወይም ሲወፍር ዜማውን ሳይበላሽ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ጥቅሙን ለመካድ አይደለም።

አውታር ግን የራሱ ሕግ አለው። በሰከንድ 80 ጊዜ የሚርገበገብ አንድ አውታር ሲመታ የሚሰማው 80 ኸርዝ ብቻ አይደለም፤ 160፣ 240፣ 320፣ 400 እያለ የሚወጣ ተከታታይ ድምፅ፣ እኛ በክፍል ውስጥ ሃርሞኒክ የምንለው፣ አብሮት ይነሣል። ይህን አውታር ዶ ብንለውና በ100 ኸርዝ የተቃኘ ሚ ብናስከትልለት፣ የሚ ተከታዮች 200፣ 300፣ 400 ይሆናሉ። የዶ አምስተኛና የሚ አራተኛ 400 ላይ ይገናኛሉ፤ ገጥመው ይቀመጣሉ። በዚህ ቦታ ላይ ያለው ሚ ከዶ 386 ሴንት ይርቃል። የኪቦርዱ ሚ ደግሞ 400 ሴንት ላይ ነው፤ በኸርዝ 100.8 ገደማ፣ አራተኛ ሃርሞኒኩም 403.2 ገደማ ይሆናል። ከ400 ጋር ሲገናኝ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይርገበገባል። አጎቴ ይንቀጠቀጣል ያሉት ይህንን ነው። የእሳቸው ሚ 14 ሴንት የጎደለው ከኪቦርዱ አንጻር እንጂ ከዶ አንጻር አልነበረም፤ ስልኩ ደግሞ የሚያውቀው የኪቦርዱን ክፍፍል ብቻ ስለሆነ፣ ጠየቅሁት፣ በሚያውቀው መለሰልኝ።

ሶል ላይ ይህ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ከዶ ጋር ፍጹም የሚስማማው ሶል 120 ኸርዝ ሲሆን የኪቦርዱ 119.86 ነው፤ መርገብገቡ በአራት ሰከንድ አንዴ ያህል ብቻ ስለሆነ አጎቴም ሆኑ ሌላ ሰው ቅር አይላቸውም። 12ቱ ክፍፍል ሶልን ለማክበር ሲል ሚን አስቀየመ ማለት ነው። የሚገርመኝ ግን እኔ ራሴ ይህን ቅያሜ ሰምቼው አለማወቄ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ከካሴት፣ ከሬዲዮና ከኪቦርድ የሰማሁት ሚ ይኸው ሆኖ፣ የተኛ፣ ማለትም ከዶ ጋር ሳይንቀጠቀጥ የገጠመ፣ ሚ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያልሰማሁት ነገር አልጎደለብኝም።

ከበገናው አጠገብ

በደብረ ዘይት ሳምንት በሚኒባስ ወደ መንዝ ወጣሁ። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ስለሸፈነው ሾፌሩ የሚሄደው በመብራት ነበር፤ ሞላሌ ስንደርስ ሰማዩ ተገልጦ ሜዳው ታየ። አጎቴ ቤት ስገባ ኩበቱ ተያይዞ፣ ክራሩ ጾሙ ሲገባ ከተሰቀለበት ሳይወርድ፣ በገናውን ይዘው ይቃኙ ነበር። የመጣሁበትን ለመናገር «ጋሼ፣ የዚያን ቀን በልጆቹ ፊት…» ብዬ ስጀምር «ተይው እሱን፤ ይልቅ ብርድ ይዞሻል፣ ባናውን ደርቢና ወደ እሳቱ ቅረቢ» አሉኝ።

በገና አሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ እንዚራ የምትባል ቁራጭ ጠፍር ትገባለች፤ አውታሩ ሲርገበገብ እሷን እየነካ ያን ዝዝ የሚል፣ ከጥልቅ የሚመጣ ድምፅ ያወጣል። አጎቴ ከመቃኘታቸው በፊት እንዚራዎቹን በጣታቸው ጫፍ ገፋ፣ ሳብ እያደረጉ ቦታ ያስይዟቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መቃኛዎቹ የሚወጡት። ዶ የምላትን አውታር ስልኬ ላይ ሳየው 80 ኸርዝ ገደማ ነበረች፤ ከላይ ይህን ቁጥር የተጠቀምኩትም ለዚህ ነው።

«ያን ቀን በስልኩ ያስወጣሁዎት ቦታ ላይ ሚን ያውጡልኝ» አልኳቸው። ከፍ አደረጓትና ሁለቱን አውታሮች አንድ ላይ መቱ። «ጆሮሽን ገበቴው ላይ አሳርፊ» አሉኝ። አሳረፍኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የእንዚራዎቹን ጩኸት ብቻ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲመቱት ግን ጩኸቱ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ሰማሁ፤ ሰው እጁን አፉ ላይ እያደረገ እያነሣ ድምፅ ሲያሰማ እንደሚሆነው ዓይነት። ሰዓቴን አይቼ ቆጠርኩ፤ ድምፁ እስኪከስም በአምስት ሰከንድ ውስጥ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። በሰከንድ ሦስት። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ቁጥር በጉንጬ አጥንት በኩል ገባ።

ከዚያ አጎቴ መቃኛዋን በጣም በትንሹ መለስ ማድረግ ጀመሩ። መከፈትና መዘጋቱ ዘገየ፤ በሰከንድ ሁለት ሆነ፣ አንድ ሆነ፣ ከዚያም አንድ ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ሆነና ቆመ። «ተኛ» አሉ። ድምፁ ለስላሳ ሆኗል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያጉረመርም ነበር። ግን አይንቀሳቀስም። ሁለት አውታሮች መሆናቸው ጠፍቶ አንድ ሰፊ ነገር የሆኑ መሰለኝ። ለምን ያህል ጊዜ ጆሮዬን እንዳላነሣሁ አላውቅም፤ አጎቴ ግን አልቸኮሉብኝም፤ ድምፁ ሲከስም ደግመው፣ ደግመው ይመቱልኝ ነበር።

አንድ ነገር ለማወቅ ስለፈለግሁ ሚን መልሰው ወደ ስልኩ ቦታ እንዲያወጧት፣ የሁለቱን አውታሮች እንዚራ ግን እንዲስቡልኝ ጠየቅኳቸው። እንዚራዎቹ ሲወጡ ድምፁ ደበዘዘ፤ መርገብገቡም ከዚያ ጋር ጠፋ፤ ጆሮዬን ብጭንም ልይዘው አልቻልኩም። አውታሮቹ በተቃኙበት ቦታ ላይ አሉ፤ የተወሰደው የላይኞቹ ሃርሞኒኮች ጉልበት ነው። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ጠብ በዶና በሚ መካከል ሳይሆን በተከታዮቻቸው መካከል መሆኑን ከዚያች ቅጽበት የበለጠ ያስረዳኝ ገጽ አላነበብኩም። እንዚራ ላይኞቹን ሃርሞኒኮች ስለምታጎላ፣ በገና የቃኘውን ሰው ስሕተት አይደብቅም። በሰፋፊ አዳራሾች ውስጥ፣ ደብዘዝ ባለ የኪቦርድ ድምፅ የሚሰማ ሰው ኪቦርዱ አለመስማማቱን ላያስተውል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ማጉረምረሙ በኋላ ሳስብ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስቀላቅል እንደነበር ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሎምፕና ሌቨልት የተባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ ሃርሞኒክ የሌላቸውን ባዶ ድምፆች ጥንድ ጥንድ አድርገው ለሰዎች አሰምተው ነበር። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሲሆኑ ሰሚው ይረጋጋል፤ በጣም ሲራራቁም ይረጋጋል፤ የሚሻክረው ተቀራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ጆሯችን ውስጥ አንድ የተወሰነ ስፋት ያለው ክልል አለ፤ በዝቅተኛ ድምፆች ላይ ወደ 100 ኸርዝ ይደርሳል፤ ልዩነቱ የዚያ ክልል ሩብ ገደማ ሲሆን ሻካራነቱ ጫፍ ይነካል። አብሮ ሲኖር ምላስና ጥርስም ይጋጫል የሚለው አባባል በትክክል የሚገልጸው ይህን ነው። የአጎቴ ዶና ሚ 80 እና 100 ኸርዝ ስለሆኑ ልዩነታቸው 20 ኸርዝ ነው፤ ቢተኙም ባይተኙም ከሥር ያጉረመርማሉ። መቃኘት የሚያስቀረው መንቀጥቀጡን እንጂ ማጉረምረሙን አይደለም። ለበገና ደግሞ ማጉረምረሙ ጉድለቱ አይደለም፤ ያለ እሱ በገና በገና አይሆንም።

ጠቡ ቤት ሲቀይር

ከመንዝ ስመለስ የመጀመሪያ ሐሳቤ ቀላል ነበር። ኪቦርዱ እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻው ከፍ ዝቅ ማድረጊያ ስላለው ሚን 14 ሴንት አወርዳለሁ፤ ነገሩም ያልቃል። ሚን አወረድኩ። ከዶ ጋር ተኛች። ከላ ጋር ስመታት ግን ከበፊቱ የባሰ ተንቀጠቀጠች። ላን 16 ሴንት ያህል አውርጄ ከሚ ጋር አስማማሁ፤ አሁን ደግሞ ሬና ላ ተጣሉ።

የዚህን ምክንያት በበገናው ቁጥሮች ማየት ይቻላል። ከዶ 80 ተነሥተን ወደ ሶል ስንወጣ 120 ነው፤ ከሶል በዚያው ርቀት ወደ ሬ ስንወጣ 180፣ ወደ ታች ስናወርደው 90፤ ከሬ ወደ ላ 135፤ ከላ ወደ ሚ 202.5፣ ወደ ታች 101.25። እያንዳንዷ እርምጃ ፍጹም ስምም ነበረች። ነገር ግን ስንደርስ ያገኘነው ሚ 101.25 ሲሆን፣ ዶ የሚፈልገው ሚ 100 ነው። አራት ታማኝ እርምጃዎች ተራምደን ከቤታችን 21.5 ሴንት አልፈን ሄድን። ይህ የማንም ስሕተት አይደለም፤ ሦስትን በራሱ እያባዙ አምስት ላይ መድረስ የማይቻል በመሆኑ የመጣ ነው። ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ኖሮት እንኳ ከዚህ አያመልጥም። የአጎቴን ክራር መልሼ ሳስበው፣ እሳቸውም ጠቡን አላጠፉትም ነበር፤ ሬን፣ ሶልንና ላን እርስ በርስ አስማምተው፣ ሚን ለዶ ሰጥተው፣ ጠቡን ላና ሚ መካከል አስቀምጠውት ነበር። ዜማቸው ሁለቱን አብሮ ስለማይመታ ጠቡ ማንንም አይረብሽም። እኔ ግን በኪቦርድ ድምፅ የምደራርብ ስለሆንኩ፣ የትም ባስቀምጠው ያገኘኛል።

ኦክታቭን፣ ማለትም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን ርቀት፣ ከ12 በላይ እኩል ቦታ የመክፈልን ሐሳብ የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ክፍፍል ሲበዛ ስምምነት የሚበዛ ይመስላል፤ አይደለም። የዓረብ ሙዚቃ ሰዎች ሲነጋገሩበት የምንሰማው 24 ክፍፍል እያንዳንዱን ቁልፍ ለሁለት ስለሚከፍል፣ ሚው ያው የ12ቱ ሚ ነው፤ የሚጨምረው በመካከል ያሉ አዳዲስ ድምፆችን እንጂ ለዶ የተኛ ሚን አይደለም። ከ24 የሚያንሰው 19 ግን ሚን ወደ 379 ሴንት ያወርደዋል፤ የበገናው መርገብገብ በሰከንድ ከ3 ወደ 1.7 ይወርዳል፤ ከሚ እስከ ሶል ያለው ርቀትም ፍጹም ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ይሁንና ሶል ዋጋውን ይከፍላል፤ በአራት ሰከንድ አንዴ ብቻ ይርገበገብ የነበረው አሁን በየሰከንዱ ይርገበገባል። አንዱን ጥሎ አንዱን አንጠልጥሎ ማለት ይህ ነው።

እኔ የተረታሁት በ31 ነው። አንዷ እርምጃ 38.7 ሴንት ናት፤ አሥሩ እርምጃዎች 387 ሴንት ላይ ስለሚያርፉ ሚ ለመተኛት የሚቀራት ከአንድ ሴንት በታች ነው። የበገናው መርገብገብ ከአምስት ሰከንድ በላይ ቆይቶ አንዴ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ አውታሩ ራሱ ከስሟል። ሶል አምስት ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ በሦስት ሰከንድ ሁለቴ ያህል ይርገበገባል፤ ይህ ያሳስበኛል፣ ግን እችለዋለሁ። ዋናው ነገር ከዶ በሶል፣ በሬና በላ በኩል የተራመድናቸው አራቱ እርምጃዎች በትክክል ሚ ላይ የሚያደርሱ መሆናቸው ነው፤ 21.5 ሴንቱ በአራቱ መካከል ተከፋፍሎ ማንም ብቻውን አይሸከመውም። ላ ለሬም ለሚም አንድ ናት። ይህን ክፍፍል የፊዚክስ ሰው የሆነው ክርስቲያን ሃይገንስ አስልቶ እ.ኤ.አ. በ1691 አሳትሞታል፤ ከእሱ በፊትም ጣሊያናዊው ኒኮላ ቪቼንቲኖ እ.ኤ.አ. በ1555 ወደዚህ የሚጠጋ ብዙ ቁልፎች ያሉት መሣሪያ ገልጾ ነበር። ሌላው የፊዚክስ ሰው አድሪያን ፎከር እ.ኤ.አ. በ1950 በኔዘርላንዷ ሃርለም ከተማ ውስጥ በ31 ክፍፍል የተቃኘ ኦርጋን አስተክሏል። ሁለቱ የፊዚክስ ሰዎች በሙያ ወገኖቼ በመሆናቸው ደስታዬን አልደብቅም።

53 ደግሞ ሌላ ዓይነት ሐቀኝነት አለው። ሶሉ በጣም ከመጠጋቱ የተነሣ በበገናው አውታር ላይ አንዴ ለመርገብገብ ከመቶ ሰከንድ በላይ ይፈልጋል። ነገር ግን አራቱን እርምጃዎች ስንራመድ የምንደርሰው ከ53ቱ ክፍፍሎች 18ኛዋ ላይ ሲሆን፣ ለዶ የምትተኛው ሚ ያለችው 17ኛዋ ላይ ነው። ማለትም 53 ጠቡን አይከፋፍለውም፣ አያድበሰብሰውም፤ ሁለቱንም ሚዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ምረጡ ይላል። ለአድማጭ ክብር ነው፤ አሥር ጣት ላለው ሰው ግን ከባድ ነው።

«ይህን ማን አስታረቀው?»

ለፋሲካ ወደ መንዝ ስመለስ ላፕቶፕ ይዤ ነበር። በ31 ክፍፍል ድምፅ የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጽፌ፣ ድምፁ ሃርሞኒኩ የበዛ፣ ለእንዚራ የቀረበ እንዲሆን አድርጌያለሁ። በድምፁ ቀለም ላይ ይህን ያህል የደከምኩት ስለማስጌጥ አልነበረም። አሜሪካዊው ዊሊያም ሴታሬስ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳየው፣ ስምምነት በክፍፍሉ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የሃርሞኒኮቹን ቦታ በኮምፒውተር ብናዛውር፣ በአውታር ላይ የሚጣሉ ርቀቶች የሚስማሙበት ድምፅ መሥራት ይቻላል። በገናው የነገረኝም ይህንኑ ነበር። አጎቴ የሚያውቁትን ጆሮ የምጠይቀው የሚያውቁትን በሚመስል ድምፅ መሆን ነበረበት።

ትዝታውን አሰማኋቸው። ዶና ሚ አብረው ሲሰሙ አጎቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና «ይኼ ተኝቷል» አሉ። ደስ ብሎኝ በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዜማ አስከተልኩ። ለአንቺሆዬ አራተኛ ድምፅ 15ኛዋን እርምጃ መርጬ ነበር፤ 581 ሴንት ላይ ስለሆነች ከዶ ጋር 7 ለ5 ለሚባለው ስምም ርቀት በጣም ትቀርባለች፤ እኔም ጥሩ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን ማን አስታረቀው?» አሉ። ተነሥተው ክራሩን ከግድግዳው አወረዱና በአንቺሆዬ ቃኙት፤ አራተኛዋን ሲመቱ ስልኬን ተመለከትኩ። 600 ሴንት ገደማ፤ ለአንድ ጊዜ ያህል ኪቦርዱ ያለበት ቦታ ላይ። ሚ ላይ የሳተው ኪቦርድ እዚህ ከእሳቸው ጋር ገጠመ።

«እነዚህ ሁለቱ መጣላት አለባቸው፤ ካልተጣሉ ዜማው የሚመለስበት አይኖረውም» አሉኝና ወደ ዶ ወርደው አሳዩኝ። ከ600 ወደ ዶ ሲወርዱ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ውጥረት ሲረግብ ይሰማል፤ ከእኔ 581 ሲወርዱ ግን የሚረግብ ነገር አስቀድሞ አልነበረም። እኔ ስምምነት ፍለጋ ስሄድ ዜማውን የሚገፋውን ነገር ወስጄበት ነበር።

ማታ ላፕቶፑን ከፍቼ በ31 ውስጥ ያንን ቦታ ፈለግሁ፤ የለም። 15ኛዋ 581፣ 16ኛዋ 619 ናቸው። 19 ውስጥም የለም፣ 53 ውስጥም የለም። ምክንያቱን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልግም ነበር፤ 600 የኦክታቭ ትክክለኛ ግማሽ ነው፤ ሦስቱም ክፍፍሎች ጎዶሎ ቁጥር ስለሆኑ ግማሽ የላቸውም። ያ ግማሽ ደግሞ የሁለት ካሬ ሥር በመሆኑ በማንኛውም የሙሉ ቁጥሮች ዝምድና አይገለጽም፤ ከዶ ጋር ለዘላለም የማይተኛ ድምፅ ነው። 12 እና 24 ይዘውታል። ለትዝታ ሚ ስል የናቅሁት ክፍፍል ለአንቺሆዬ የሚያስፈልገውን ጠብ በትክክል ጠብቆ ኖሯል፤ ይህን ከአጎቴ ባልሰማ ኖሮ 31ን በየቦታው የምሰብክ ሰው እሆን ነበር።

ትምህርት ስንጀምር የክበቡን ተማሪዎች ሰበሰብኩና በየካቲት ያደረግሁትን በዚያው ክፍል፣ ለዚያው ልጆች ተናገርኩ፤ የአጎቴ ሚ ልክ እንደነበረች፣ ያሳሳትኳቸው እኔ እንደነበርኩ። ከዚያ ኪቦርዱን ሚ 14 ሴንት ዝቅ እንዳለች ትቼ፣ ሰሌዳው ላይ ለላ የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ጻፍኩ፤ 135 እና 133.3። የመጀመሪያው ከሬ ጋር ይተኛል፣ ሁለተኛው ከሚ ጋር። ክራር መማር የጀመረች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስልክ ሳትይዝ በጆሮዋ እንድትቃኝ ጠየቅኋት። ላ ላይ ስትደርስ መቃኛዋን ወደ ላይ አዞረች፣ ቆም ብላ አዳመጠች፣ መልሳ አወረደች፣ ከዚያ ሬን መታችና እንደገና ወደ ላይ አዞረች። ሌሎቹ ልጆች ዝም ብለው ይጠብቋት ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የት እንዳቆመችው አልለካሁም።